የሕሙማን መዝገብ በሩቅ ቤት ሲቀመጥ



ሕመምተኛ ለሐኪሙ የሚገልጠው ነገር የከበረ አደራ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2491 የሙያ ምሥጢር፣ የሐኪምም ጭምር፣ እንዲጠበቅ የሚያስተምረው ስለዚህ ነው። ዛሬ ግን ይህ አደራ ሁልጊዜ በክሊኒኩ ሣጥን ተቆልፎ አይገኝም። ብዙ ሕክምና ቤቶች መዝገባቸውን፣ ቀጠሮአቸውንና ሒሳባቸውን በኢንተርኔት በሚሠራ ሶፍትዌር ይይዛሉ፤ ጽሑፉም የሚቀመጠው በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር በሚገኝ የኩባንያ ኮምፒዩተር ነው።

ጥቅሙ አይካድም። አነስተኛ ክሊኒክ ከባድ ወጪ ሳያወጣ ይሠራበታል፤ ቤቱ በእሳት ቢጠፋ እንኳ መዝገቡ ይተርፋል። ይሁን እንጂ የብዙዎች ግምጃ ቤት አንድ ሲሆን፣ የዚያ በር መሰበር ጉዳቱ ለሁሉም ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ኦልስክሪፕትስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ ወንጀለኞች መረጃውን ቆልፈው ገንዘብ ለመቀበል ጥቃት አደረሱ። 1,500 ያህል ደንበኞቹ ተጎዱ፤ ለቀናትም የሕሙማናቸውን መዝገብ መክፈት ያልቻሉ ሐኪሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ደግሞ የሕክምና ክፍያ በሚያስተላልፈው ቼንጅ ሄልዝኬር ላይ የባሰ ደረሰ። ጠላፊዎቹ የገቡት በተሰረቀ የይለፍ ቃል ሲሆን፣ በሩ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። 22 ሚሊዮን ዶላር ቢከፈላቸውም የ190 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ከመጋለጥ አልዳነም፤ ክፍያ የቆመባቸው ክሊኒኮችም ለሳምንታት ተቸገሩ።

በአገራችን ሌባ ባይመጣ እንኳ መብራት ይጠፋል፣ መስመርም ይቋረጣል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዓመታት ያህል ስልክና ኢንተርኔት በአብዛኛው ተቋርጠው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሕመምተኛ ቢመጣና ይህ የተጻፈው በሩቁ መዝገብ ብቻ ቢሆን፣ ነርሷ በምን ታውቃለች?

ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ክሊኒኮች የምናገለግል ሁሉ አራት ነገሮችን እናስብ። አንደኛ፣ የመዝገቡ ቅጂ በክሊኒኩ ይኑር፤ መከፈቱም በየጊዜው ይፈተን። ሁለተኛ፣ የወረቀት ቅጽ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ ሠራተኞችም በእርሱ መሥራትን ይለማመዱ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃልና ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑረው። አራተኛ፣ ውሉ ሲፈረም መዝገቡ የማን እንደ ሆነ፣ ኩባንያው ቢዘጋም እንዴት እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፍ።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተነገረላቸው ልባሞቹ ደናግል መብራት ብቻ ሳይሆን ትርፍ ዘይትም ይዘው ነበር። ሰነፎቹ ዘይት የለመኑት በእኩለ ሌሊት ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሚያካፍላቸው አላገኙም። የሕሙማንን አደራ የተቀበለም ዘይቱን በቀን ያዘጋጅ።

ለውይይት፦
1. የሰውን ምሥጢር በቸልተኝነት ማጋለጥ ከስምንተኛው ትእዛዝ ጋር እንዴት ይያያዛል?
2. በቁምስናችን ክሊኒክ መስመር ለሦስት ቀን ቢቋረጥ ሕሙማን እንዴት ይስተናገዳሉ?