ሰዓቱን ጻፊ፦ የታሰረ ሰው ጉዳይ ይዞ ጎንደር ላይ መቆም

አንዲት የሕግ ምሩቅ ቢሮዬ መጥታ «ጋሼ፣ የወንጀል ፍትሑን በማሻሻል ሥራ ላይ መሰማራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» አለችኝ። አዲስ አበባ ስለሚረቀቁት ሕጎች እንዳወራላት ጠብቃ ነበር መሰለኝ። እኔ መሳቢያዬን ከፍቼ ባለ መስመር ደብተር ሰጠኋት። ከዚህ በታች ያለው የዚያን ቀን የነገርኳት ነው፤ ስጽፈው ትንሽ ረዝሟል።

1ኛ ደረጃ፦ መቆሚያሽን አበጂ

ችሎት ፊት ለመቆም ፈቃድ ያስፈልግሻል፤ ለክልሉ ፍርድ ቤቶች ደጁ ፍትሕ ቢሮ ነው። ፈቃዱ እስኪደርስ ድረስ ግን እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ እዚያ ገብተሽ አቤቱታ ጻፊ። የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆችንም ተዋወቂ። በሥራ ብዛት የደከሙ ናቸውና መዝገብ የሚያነብላቸው ሰው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። የግል ጠበቆችንም አትናቂ። የፌዴራሉ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ ያዝዝ ነበር፤ ልማዱ ያለው ሰው አንድ መዝገብ ያዝልኝ ብትዪው እምቢ አይልሽም።

2ኛ ደረጃ፦ ሰዓቱን ጻፊ

ደብተሩን በዓምድ ክፈዪው፦ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የያዘው ክፍል፣ ፍርድ ቤት የቀረበበት ቀንና ሰዓት፣ ስንት ጊዜ ቀጠሮ እንደተሰጠበት፣ ዋስትና፣ መጨረሻው። ሥራሽ ሁሉ የሚቆመው በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(3) የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ጣቢያው ግን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ቃል የተቀበለበትን ቀን ነው፤ ሰውየው የተያዘው ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቤተሰቡን ጠይቂ። ሰዓት የሚነግርሽ ሰው አታገኚም። «ከብት ሲገባ ነው የወሰዱት»፣ «ቅዳሴ ሲወጣ» ይሉሻል። አትቸኩዪ፤ የየትኛው ቀን ቅዳሴ እንደሆነ ጠይቂ፤ በጾም ከሆነ ቅዳሴው የሚወጣው ከቀትር በኋላ ነውና ሰዓቱ ይለያል። ከዚያ ያየ ጎረቤት ካለ ስሙን ያዢ። በተጠረጠረው ሰው አፍ ብቻ የተነገረ ሰዓት ችሎት ላይ ብዙ አይራመድም።

ያው አንቀጽ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም ይላል። ደጋ ላይ ይህች ሐረግ ብዙ ትጎተታለች። ጃናሞራን ወይም በየዳን ለማያውቅ ዳኛ «መንገድ የለም» ማለት ይበቃል። አንቺ ግን ጠይቂ፦ ወረዳው የራሱ ፍርድ ቤት እያለው ሰውየው እስከ ዞን ከተማ ደባርቅ ለምን ወረደ? ከተያዘበት ቀበሌ እስከ ወረዳው ከተማ በእግር ስንት ሰዓት ነው? ይህን በቁጥር ስትጽፊው የሚከራከርሽ ይጠፋል።

48 ሰዓቱ አልፎ ፍርድ ቤት ካልቀረበ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አለልሽ፤ መሠረቱ አንቀጽ 19(4)፣ መንገዱ ደግሞ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ያለው ነው። አቤቱታው አንድ ገጽ ይብቃው። ማን፣ መቼ፣ የት፣ በማን እጅ። ወጣት ጠበቃ ስምንት ገጽ ይጽፍና ሰዓቱን ስድስተኛው ገጽ ላይ ይቀብረዋል።

አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅስ? በ2015 ክረምት በክልላችን እንደታወጀው ዓይነት ጊዜ ሲመጣ ብዙ መብት ይታገዳል፤ ሆኖም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት የኢሰብአዊ አያያዝ ክልከላው፣ አንቀጽ 18፣ አይነካም። እንዲህ ባለ ጊዜ ደብተርሽ ከሰዓት ይልቅ የሰውየውን አካል ይመዝግብ፦ ምን ዓይነት ቁስል፣ የት ቦታ፣ መቼ እንዳየሽው። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የሚቀርበው አቤቱታም የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

3ኛ ደረጃ፦ በጊዜ ቀጠሮ ላይ ዝም አትበዪ

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 ለምርመራ የሚሰጥ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም ይላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን አይናገርም። የሥርዓቱ ትልቁ ቀዳዳ በእኔ እምነት ይኸው ነው። ፖሊስ የሚያቀርባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ የምስክር ቃል ይቀረናል፣ ግብረ አበር አልተያዘም፣ የሕክምና ማስረጃ አልመጣም። አንቺ «ተቃውሞ አለኝ» ብለሽ አትቀመጪ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባለፈው 14 ቀን ምን እንደተሠራ ከምርመራ መዝገቡ ይታይልን» በዪ። የሕክምና ማስረጃውን በተመለከተ ደግሞ ደንበኛዬ በእስር ቢሆን ባይሆን ከሆስፒታል የሚመጣ ወረቀት ላይ ምን ለውጥ አለው ብለሽ ጠይቂ። ይህን ጥያቄ ዳኛው ራሱ መጠየቅ ሲጀምር ካየሽ ሥራሽ ፍሬ አፍርቷል።

4ኛ ደረጃ፦ ዋስትናን በገበሬ አቅም ለምኚ

ዋስትና ተፈቅዶለት ዋስ በማጣት የሚቀመጥ ሰው አንገረብ ማረሚያ ቤት ድረስ ታገኚያለሽ። ችግሩ አንዳንዴ የደመወዝ ዋስ መጠየቁ ነው። ከመንደሩ ደመወዝተኛው መምህሩ ብቻ ነው፤ እሱም ለሌላ ሰው ዋስ ሆኗል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 69 ግን የዋስትናው መጠን ሲወሰን የተከሳሹና የዋሱ አቅም ይታይ ይላል። ከችሎት በፊት የሚታመን የሰው ዋስ አዘጋጂ፤ መሬቱ፣ ከብቱ፣ በቀበሌው ስንት ዓመት እንደኖረ በወረቀት ይሁን። የመፍቻውን ትዕዛዝ ደግሞ ይደርሳል ብለሽ አትተዪው፤ በእጅሽ ይዘሽ ሂጂ።

5ኛ ደረጃ፦ ዕድሜ ስትጠራጠሪ ክርስትናውን ጠይቂ

ይህችን ከራሴ ልንገርሽ። ግንቦት 2011 ላይ አንድ እረኛ ልጅ በዱላ ጠብ ተከሶ አየሁ። የምርመራ ወረቀቱ ላይ 19 ዓመት ተብሏል፤ ልጁ ሱሪው ከወገቡ እየወረደበት በአንድ እጁ ይዞ ነው የቆመው። ጣቢያውን አልጠራም። የልደት ምዝገባ በሀገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነውና ምስክር ወረቀት የሚባል ነገር የለም። እናቱን ከችሎቱ ውጪ ግንቡ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት።

«እማማ፣ መቼ ነው የወለድሽው?»

«ለጽዮን።»

«የየትኛው ዓመት ጽዮን?»

«ምርጫው ከተረበሸ በኋላ የመጣችው። ለገና ማግስት ክርስትና ተነሣ።»

ምርጫው ግንቦት 1997 ነበር፤ የመጣችው ጽዮን ሕዳር 21 ቀን 1998 ነች። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነው። ከሕዳር 21 ቁጠሪ፤ 40ኛው ቀን ታኅሣሥ 30፣ የገና ማግስት ነው። እናትየው ፊደል ባትቆጥርም ሒሳቧ አልተዛነፈም። ልጁ 13 ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። የክርስትና አባቱን ምስክር አድርገን ቆጠራውን ለፍርድ ቤት አቀረብን፤ የሕክምና ምርመራም ታዘዘ። ልጁ ከአዋቂዎች ክፍል ወጣ።

ሕጉን ያዢ፦ በወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው የሚወሰንበት ልዩ እርምጃ እንጂ የአዋቂ ቅጣት አይደለም፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ከአዋቂ ተለይቶ ይያዝ ይላል።

6ኛ ደረጃ፦ ስለ ደሙ ጠይቂ

ይህን ሕግ ትምህርት ቤት አላስተማሩሽም። ሰው በሞተበት መዝገብ ደንበኛሽ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 በነጻ ቢሰናበት ሥራሽ አላለቀም። የሟች ወንድም ፍርዱን አልሰማም፤ ቢሰማም አይቀበለውም። በር ላይ የሚጠብቀው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ሳያልቅ የደም ሽማግሌዎች መግባታቸውን ቤተሰቡን ጠይቂ። እርቁ ክሱን አያስቀረውም፤ ዐቃቤ ሕግ አይመለስም። ጥፋተኛ ከተባለ ግን ከልብ መጸጸቱና መካሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ነው፤ ሽማግሌዎቹን አቅርቢያቸው። አንቺ ራስሽ ግን ሽማግሌ አትሁኚ። ጠበቃ እርቅ ሲመራ አንደኛው ወገን ወዲያው ይሸሻል፤ ሌላውም ብዙ አይቆይም።

7ኛ ደረጃ፦ ደብተሩን አስነብቢ

30 ወይም 40 መዝገብ ሲሞላ ዓምዶቹን ወደ ታች አንብቢያቸው። የትኛው ወረዳ ሰዓት ያሳልፋል? የትኛው ዓይነት ክስ ላይ ቀጠሮ ይደጋገማል? ሁለት ሦስት ገጽ አድርጊው፤ የባለጉዳይ ስም ሰርዢ። መጀመሪያ ሬድዮ ጣቢያ ይዘሽ አትሂጂ። ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ለፖሊስ አዛዡ አሳዪ፤ ስህተቱን ራሳቸው እንዲያርሙ ዕድል ስጪ። ካልታረመ አንድ ንጹሕ መዝገብ መርጠሽ እስከ ሰበር ግፊው፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ትርጉም በየደረጃው ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል።

አንድ መዝገብ ምን ያደርጋል ትዪ ይሆናል። አርሲ ውስጥ ጠልፎ የደፈራትን ሰው የገደለችው የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ጉዳይ አንድ መዝገብ ነበር። መዓዛ አሸናፊ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችበት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተከራከረላት፤ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ በነጻ ወጣች። የ1949ኙ ሕግ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት እንዲያመልጥ በር ይከፍት ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያን በር ዘጋው። ለዚያ የታገሉት ብዙዎች ናቸው፤ የአበራሽ መዝገብ ግን የጠለፋን ነገር ሀገር እንዲያወራው አደረገ።

ማኅበር ማቋቋም ካሰብሽ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1113 ከበፊቱ ይሻላል፤ የቀድሞው በመብት ጉዳይ ለሚሠሩ የውጭ ገንዘባቸው ከ10 በመቶ አይለፍ ብሎ ብዙ ቢሮ አዘግቷል።

ከአዛዡ ጋር የሚደረገውን ስብሰባ ግን ለዓርብ ከሰዓት አትቅጠሪ፤ የሁሉም ልብ ወደ ቤቱ ነው። ደባርቅ ከሆነ ደግሞ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ማክሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ውጪ፤ ደብተሩን ከላይ ሻንጣ ውስጥ አታስቀምጪው፣ ጭንሽ ላይ ያዢው።