ስለ እንቅልፍ ትንፋሽና ስለ ቤት መለኪያዎች

የሰው ልጅ ከዕድሜው ሲሶ የሚሆነውን በእንቅልፍ ያሳልፋል። ይህንን ሲሶ ግን ባለቤቱ ራሱ አያየውም፤ ሌሊት የሆነውን የሚነግረው በአጠገቡ የተኛ ሰው ወይም ጠዋት የሚሰማው ድካም ነው። ከዚህም የተነሣ በእንቅልፍ ጊዜ የሚመጣ ሕመም ለብዙ ጊዜ ተሸሽጎ ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሐኪሞች «ስሊፕ አፕኒያ» የሚሉትን የእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ነው፤ ይልቁንም ሕክምናው በእርግጥ መሥራቱን በቤት መለኪያዎች እንዴት መከታተል እንደሚቻል ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንዳንድ ሰው ላይ ይህ መላላት ልክ አልፎ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ደረት ይታገላል፥ አየር ግን አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ አንጎልም ሰውየውን ለቅጽበት ያነቃዋል፤ ጉሮሮው ይከፈትና ትንፋሹ በከባድ ማንኮራፋት ይመለሳል። ጠዋት ሲጠየቅ ግን ምንም አያስታውስም።

ቢያንስ 10 ሰኮንድ የቆየ መቋረጥ፥ ወይም የትንፋሽ በእጅጉ መቀነስ፥ አንድ ተብሎ ይቈጠራል። ለዐዋቂ ሰው በሰዓት ከ5 በታች ጤናማ፥ ከ5 እስከ 15 ቀላል፥ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፥ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል።

ኃይለኛ ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ሌሊት እየታነቀ የሚነሣውንም «ዱካክ ያዘው» የሚሉ አሉ። ዱካክ ግን ሌላ ነው፤ በዱካክ ጊዜ ሰውየው ነቅቶ ሳለ ሰውነቱ አልታዘዝ ይለዋል፤ በዚህኛው ግን ሳያውቀው ትንፋሹ ይቆማል። ሕመሙ ሳይታከም ሲቀር ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር ይያያዛል፤ ቀንም እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ከባሕር ዳር በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሹፌር የዓባይን ሸለቆ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰኮንድ 33 ሜትር ይጓዛል። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሹፌሩ ዓይን ለ3 ሰኮንድ ቢከደን ምን እንደሚደርስ ለማንም ግልጽ ነው።

ሕክምናው

ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ አውስትራሊያዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 «ሲፓፕ» የሚባለውን ሕክምና ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳወቁ። ይህ መሣሪያ በአፍንጫ ላይ በሚታሰር ጭንብል በኩል አየር በመጠኑ እየገፋ ያስገባል። የብስክሌት ከመነዳሪ ሳይነፋ ግድግዳው እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሲነፋ ግን ክብ ሆኖ ይቆማል። ጉሮሮም እንዲሁ በአየሩ ግፊት ተከፍቶ ያድራል። ነገር ግን ሲፓፕ ሕመሙን ነቅሎ አይጥልም፤ የሚሠራው ጭንብሉ ፊት ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ክትትል የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ሦስት መለኪያዎች

አንደኛው የሲፓፑ የራሱ መዝገብ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ስንት ሰዓት እንደ ሠሩ፥ በሰዓት ስንት መቋረጥ እንደ ቀረና በጭንብሉ ጠርዝ አየር ማምለጡን ይመዘግባሉ።

ሁለተኛው በጣት ላይ የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያ ነው። ታኩኦ አዮያጊ የተባሉ ጃፓናዊ መሐንዲስ አሠራሩን በ1974 አቀረቡ። መሣሪያው ቀይና ከቀይ በታች የሆነ የማይታይ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል፤ ኦክሲጅን የያዘና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃኖች በተለያየ መጠን ስለሚያስቀሩ ከልዩነቱ ስሌቱ ይወጣል። ለሌሊት ክትትል የሚጠቅመው መዝግቦ የሚያስቀምጠው ዓይነት ነው።

ሦስተኛው የእጅ ሰዓት ነው። በ2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሳምሰንግንና የአፕልን ሰዓቶች የትንፋሽ መቋረጥን እንዲጠቁሙ ፈቅዷል። ፈቃዱ ግን ሕመሙ ገና ላልታወቀላቸው ሰዎች እንጂ በሕክምና ላይ ላሉት አይደለም። እንግዲህ ሰዓቱ ዝም አለ ማለት ሕክምናው ሠራ ማለት አይደለም።

ቍጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ

አንድ ምሳሌ እናስላ። አንድ ሰው ያለ ሲፓፕ በሰዓት 30 ጊዜ፥ በሲፓፕ ግን 2 ጊዜ ትንፋሹ ይቋረጣል እንበል። ሌሊቱን 7 ሰዓት ተኝቶ ጭንብሉን ከ2 ሰዓት በኋላ ቢያወልቀው፥ መሣሪያው ጠዋት «2» ብሎ ያሳያል። እውነተኛው ስሌት ግን 2 ጊዜ 2 4፥ 5 ጊዜ 30 150፥ ድምሩ 154 ነው፤ ለ7 ሲካፈል 22 ይሆናል። መሣሪያው አልዋሸም፤ ያላየውን አልቈጠረም እንጂ። ስለዚህ የሰዓቱ ብዛት ሳይታይ የመቋረጡ ቍጥር ብቻውን አይነበብም። መብራት የጠፋበት ሌሊትም እንዲሁ ሊመዘገብ ይገባል።

ስለ ከፍታም ማወቅ ያሻል። የጣና ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። በባሕር ወለል የአየሩ ኦክሲጅን ግፊት 160 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን፥ በእኛ ዘንድ ወደ 128 ይወርዳል። ይሁን እንጂ በ2002 የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ፥ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ አማካይ የደም ኦክሲጅናቸውን 95.3 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ይህም ለከፍታው የማይጠበቅ ጥሩ ቍጥር ነው። ትምህርቱ ይህ ነው፤ በሌላ አገር ሰንጠረዥ ከመፍረድ ይልቅ እያንዳንዱ ሰው ነቅቶ ዐርፎ ሳለ ያለውን የራሱን ቍጥር ይወቅ፤ ሌሊት ከዚያ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወርድም ይመልከት።

የጥፍር ቀለምና የቀዘቀዘ ጣት ንባቡን ሊያውኩት ይችላሉ። ከዚህም በላይ በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ ጥቍር በሆኑ ሕሙማን ላይ የጣት መለኪያው የኦክሲጅን ማነስን ሳያሳይ የቀረበት ጊዜ በነጮቹ ላይ ከታየው ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጥሩ ቍጥር እያሳየ ሰውየው ቀን የሚያንቀላፋ ከሆነ ከመሣሪያው ይልቅ ሰውየው ይታመን።

ምን እናድርግ?

በብዙ ቤት በውጭ ቋንቋ የተጻፈውን የመሣሪያ ንባብ ለአባትና ለእናት የሚያነብላቸው ተማሪው ልጅ ነው። እንግዲህ ጓደኞቼ፥ አንድ ደብተር አዘጋጅተን በየጠዋቱ አምስት ነገር እንጻፍ፤ ቀኑን፥ ጭንብሉ የታሰረበትን ሰዓት፥ የመቋረጡን ቍጥር፥ የኦክሲጅኑን ዝቅተኛ ንባብና ቀን እንቅልፍ ማስቸገሩን። የጣናን ውኃ ከፍታ የሚለካ ሰው በአንድ ማዕበል እንደማይፈርድ ሁሉ፥ እኛም በአንድ ሌሊት አንደንግጥ፥ በአንድ ሌሊትም አንደሰት፤ የሁለትና የሦስት ሳምንቱን አካሄድ እንይ። ወላጆችም የሲፓፑን ግፊት በራሳችሁ አትለውጡ፤ «ተሽሎኛል» ብላችሁም ጭንብሉን አትተዉ። ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሐኪሙ በሽተኛውን የሚያዩት ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ደብተሩ ግን ሌሊቶቹን ሁሉ ያሳያቸዋል።