በትምህርት ቤት የሚፈጸም ጉልበተኝነትና የተመልካቾች ኃላፊነት

ተማሪዎች ተጣልተው መታረቃቸው የተለመደ ነው። ጉልበተኝነት ግን ከተራ ጠብ ይለያል። በኖርዌይ አገር በበርገን ዩኒቨርሲቲ ሲመራመሩ የኖሩት የሥነ ልቡና ሊቅ ዳን ኦልቬዩስ ሦስት መለያዎችን ሰጥተውታል። እነርሱም፦

ሀ. ሆን ተብሎ የሚፈጸም መሆኑ፤
ለ. የሚደጋገም መሆኑ፤
ሐ. ተጠቂው ራሱን ለመከላከል አቅም የሚያንሰው መሆኑ ናቸው።

ስለዚህ መደብደብ ብቻ ሳይሆን ማፌዝ፣ በስድብ ስም መጥራትና ከጨዋታ ማግለልም ጉልበተኝነት ነው።

1. የኖርዌይ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ በሰሜን ኖርዌይ ሦስት ወንዶች ልጆች የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ። ለዚህ ያደረሳቸው የእኩዮቻቸው ጥቃት ሳይሆን እንደማይቀር በጋዜጣ ተዘገበ። ሕዝቡ እጅግ ስለ ደነገጠ መንግሥት በ1983 አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመረ። ኦልቬዩስ በበርገን በ42 ትምህርት ቤቶች 2,500 ያህል ተማሪዎችን ተከታትለው፣ ጥቃቱ በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል መቀነሱን አረጋገጡ።

የተወሰደው እርምጃ ከማንም አቅም በላይ አልነበረም። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ግቢውን ይጠብቁ ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍል ግልጽ ደንብ ያወጣ ነበር፤ ከአጥቂውም፣ ከተጠቂውም፣ ከወላጆችም ጋር ውይይት ይደረግ ነበር።

2. ቆሞ የሚመለከተው

ጉልበተኛ ብቻውን አይሠራም። በፊንላንድ ክርስቲና ሳልሚቫሊና ባልደረቦቿ በ1996 ባወጡት ጥናት ከአጥቂው ጎን የሚያግዙ፣ በሳቅ የሚያበረታቱ፣ ዝም ብለው የሚርቁና ለተጠቂው የሚቆሙ ተማሪዎች መኖራቸውን አሳይተዋል። የሚስቅለት ያጣ ጉልበተኛ የሚፈልገውን ክብር ያጣል። ስለሆነም ልጆቻችንን «አትምታ» ብለን ማስተማር አይበቃም፤ «ሲመታ አይተህ አትሳቅ፣ ዝም አትበል፣ ለመምህር ንገር» ልንላቸው ይገባል።

3. የእኛ ድርሻ

የተጠቃ ልጅ በኀፍረትና በፍርሃት ምሥጢሩን ይደብቃል። ደብተሩ ተቀዶ ቢመጣ፣ ገንዘቡ ቢጠፋበት፣ ጠዋት ጠዋት ሆዱን አመመኝ ቢል በእርጋታ እንጠይቀው። «አንተም ምታው» የሚለው ምክር አይጠቅምም፤ መመለስ ቢችልማ ኖሮ ባልተጠቃ ነበር። በቁምስናችን ለትምህርተ ክርስቶስ የሚሰበሰቡትም እነዚሁ ተማሪዎች ስለ ሆኑ፣ መምህራን ሁልጊዜ ብቻውን የሚቀመጠውን ልጅ ያስተውሉ። የበደለውም ልጅ በሕዝብ ፊት ሳይዋረድ ለብቻው ይመከር፤ በውርደት የሚታረም ልጅ ማዋረድን ይማራልና።

ለውይይት፦

— በሰፈራችን ትምህርት ቤት በዕረፍት ሰዓት ልጆችን የሚጠብቅ ማን ነው?
— ልጃችን የሌላውን ልጅ መጠቃት ቢነግረን ምን እናደርጋለን?