ወፍጮ ለመግዛት መርካቶ ወረድን

ፕሮጀክት የሚለውን ቃል በስብሰባ ላይ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ቃሉ ከውጭ የመጣ ነው፤ ነገሩ ግን ለገበሬ አዲስ አይደለም። ገንዘብና ጉልበት ተመድቦለት፣ ተጀምሮ በተወሰነ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ፕሮጀክት ይባላል። ጎጆ ማቆም ፕሮጀክት ነው። ምንጭ ማጎልበትም ፕሮጀክት ነው። እኛ ለዘመቻ በተመደብንበት ቀበሌ ፕሮጀክቱ የሞተር ወፍጮ ነበር።

ሴቶቹ እህል ተሸክመው ወደ ሩቅ ወፍጮ ቤት ይሄዱ ነበር። ጧት የወጣችው ማታ ትገባለች። ስለዚህ ገንዘብ ተዋጣ። አንዳንዱ በጉን ሸጠ፤ አንዳንዱ ለዘር ካስቀመጠው ጤፍ ቀነሰ። ይህ ገንዘብ ቢጠፋ የሚተካው የለም።

ስብሰባው ግን ጭቅጭቅ ሆነ። ወፍጮውን የወደደ ጥቅሙን ብቻ ያወራል። የፈራው ደግሞ «ይሰበርና ገንዘባችን ሜዳ ላይ ይቀራል» ይላል። አንዱ ሲናገር ሌላው የሚያዳምጠው መልስ ለመመለስ ነው። እኛ ዘማቾቹም አልተሻልንም። እርሳስና ወረቀት ስለያዝን ሁሉን ያወቅን መሰለን። የሞተሩን ዋጋ ለአባወራው ቁጥር አካፈልንና «ይበቃል» አልን። ሒሳቡ ልክ ነበር። የጎደለው ሌላው ሁሉ ነው።

ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት እናት መልእክተኛ ሆነው ተመረጡ። ከእኛም ሁለታችን ተከተልን። አውቶቡስ ተራ ወርደን መርካቶ ገባን።

ስለ መርካቶ ጥቂት እንበል። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረሩበት ዘመን፣ ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል ብለው የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። ሰፈሩ አዲስ ከተማ ተባለ። መርካቶ ማለትም በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። በገዢ ዓይን ብቻ የታየ ዕቅድ ነበር። ጣሊያን ሄደ፤ ገበያው ቀረ፤ ሕዝቡም እንደሚመቸው አደረገው። በርበሬው በበርበሬ ተራ፣ ሸማው በሸማ ተራ፣ ቆርቆሮው በቆርቆሮ ተራ ይሸጣል። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ጎን ለጎን ስለሆኑ፣ ገዢ ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ዋጋ ያመዛዝናል።

እኛን ከሁሉ ያስገረመን ምናለሽ ተራ ነው። ቆራሌው ከየቤቱ የለቀመው አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ እዚያ ይገባል። ተቀጥቅጦና ተቆርጦ ምድጃ ይሆናል፣ ሌላም የቤት ዕቃ ይሆናል። ሌላው የጣለውን እነሱ «ይህስ ምን ይወጣዋል?» ብለው ያገላብጡታል። (ዩኒቨርሲቲ ይህን አላስተማረንም።)

ከዚያ ወደ ወፍጮ ሻጮቹ ሄድን። አንዱ ነጋዴ ሞተሩን አስነሳልን። ድምፁ አማረን። ዋጋውም ካሰብነው በታች ሆነ። እኛ ተማሪዎቹ «ይገዛ!» ለማለት ቸኮልን። እናታችን ግን ቺንጋውን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይኼ ጠፍር የተበጠሰ ቀን ሌላ ከየት ነው የምናመጣው?» አሉ።

«እሱን እኔ አልይዝም፤ ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ» አለ ነጋዴው።

ፈለግን። በዚያ ረድፍ ካሉት ሱቆች በአንዱም አጣን። ዋጋው ከፍ ያለ ሌላ ሞተር ግን ነበር፤ የእሱ ቺንጋና መለዋወጫ በየሱቁ ተሰቅሏል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ «በወረዳችን ይህን መፍታት የሚያውቅ መካኒክ አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልነበረንም። ሳንገዛ ቀረን። እውነቱን ለመናገር ያን ለት ተናደን ነበር።

ያደርነው የእቁብ ዳኛ ከሆኑ የሸማ ነጋዴ ቤት ነው። እቁብ እንዴት እንደማይፈርስ ጠየቅናቸው። ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ይህ ስጋት ነው። የታመመ ወይም የቸገረው አባል ካለ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ይለቅለታል። ይህ ደግሞ ርኅራኄና ብልሃት ነው። ዳኛው ስጋቱንም ርኅራኄውንም ይፈልጉታል፤ ግን እያንዳንዱን በጊዜው።

ይህንኑ ነገር ኤድዋርድ ደ ቦኖ የተባለ የማልታ ተወላጅ ሐኪም በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በስድስት ባርኔጣ መስሎ ጽፎታል። ነጩ የሚታወቀውንና የሚቆጠረውን፣ ቀዩ የልብን ስሜት፣ ጥቁሩ ስጋትን፣ ቢጫው ጥቅምን፣ አረንጓዴው አዲስ ዘዴን ያመለክታል። ሰማያዊው የሰብሳቢው ነው፤ አሁን የቱ ባርኔጣ እንደሚደረግ ይወስናል። ዋናው ነገር ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ባርኔጣ ማድረጉ ነው። ያኔ ሰው ከሰው ጋር አይሟገትም፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያያል።

ቀበሌ ተመልሰን እንዲሁ ሞከርን። ሰብሳቢው መጀመሪያ «ቁጥር ብቻ!» አሉ። እንበል ሞተሩ በቀን 8 ሊትር ናፍታ ቢበላና በወር 26 ቀን ቢሠራ፣ 8 × 26 = 208 ሊትር ይፈልጋል። ማን ያመጣዋል? በምን ይጫናል? እናንተም ለራሳችሁ ሥራ እንዲህ አስሉ።

ቀጥሎ «ስጋት ብቻ!» ተባለ። ወፍጮውን አጥብቀው የወደዱት ሰዎች እንኳ ተራ ደርሷቸው ስጋታቸውን ተናገሩ። ጉዱ የወጣው እዚህ ላይ ነው። እኛ በወረቀት የነደፍነው የወፍጮ ቤት ቦታ ከወንዙ ማዶ ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የተጫነ አህያ አይሻገርም። ይህን ቀበሌው ሁሉ ያውቃል፤ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኛ የመጣነው በበጋ ነው።

የብልሃት ተራ ሲደርስ፣ እስከዚያ ቀን በስብሰባ ተናግራ የማታውቅ አንዲት ወጣት ቤቱ በወዲህኛው ዳገት ይሁን አለች። ከየቀኑ የመፍጫ ገቢ ለመለዋወጫ እየተቀነሰ፣ ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን እንዲቀመጥም ተወሰነ። ሁለቱ ቁልፎች በሁለት ሰው እጅ ይሆናሉ። ስለ ጥቅሙ ብዙ አልተወራም፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል።

ስለ ስሜት ሲጠየቅ አንድ ሽማግሌ፣ «ድሮም ልቤ እሺ አላለኝም ነበር፤ ምክንያቱን ግን መናገር አቅቶኝ ዝም አልኩ» አሉ። አሁንስ ተብለው ሲጠየቁ፣ «አሁን ወንዙ ከመንገድ ተነሥቷል» ብለው ሳቁ።

መልእክተኞቹ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ እንደገና መርካቶ ወረዱ። ዋጋው ከፍ ያለውን ሞተር ከሁለት ትርፍ ቺንጋ ጋር ገዙ። ሞተሩ በጭነት መኪና መጣ። ቺንጋዎቹን ግን እናታችን ለማንም አልሰጡም፤ በነጠላቸው ጠቅልለው እስከ ቀበሌያችን ድረስ ጭናቸው ላይ አድርገው አመጧቸው።