ስለ አሮጌ ብሩሽ ማደስ

ብሩሽ ብዙ የሠራበት እንደ ሆነ ጠጕሩ ይለዝባል፤ በእድፉ ላይ ተኝቶ ያልፋል እንጂ አይፍቅም። ነገር ግን ሊጣል አይገባም፤ ጠጕሩን ቢያሳጥሩት ይበረታል። ረጅም አርጩሜ በቀላሉ ይጐብጣል፤ አጭሩ ግን እንቢ ይላል። እንደዚሁም ጠጕሩ በእኩሌታ ቢያጥር፥ ያንኑ ያህል ለማጕበጥ 8 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል።

የሚያድሰው ሰው ጠጕሩን በክር አጥብቆ ይሰር፤ ከዚያም ጫፉን በመቀስ ጥቂት በጥቂት እኩል ያድርግ፤ የተቈረጠው አይመለስምና።

እንዲህ ያለው ብሩሽ ለድንጋይ ወለል ይስማማል። ሕፃናት የሚጠጡበትን የላስቲክ ኩባያ ግን አይንካ፤ ይቧጭረዋልና፥ በጭረቱም ውስጥ በሽታ የሚያመጣ እድፍ ይሸሸጋል። ለኩባያ ለስላሳው ይበቃል። ሥራው ሲፈጸም ብሩሹ ታጥቦ፥ ጠጕሩ ወደ ታች ሆኖ ይድረቅ።