ለመኖሪያ ቤት የመሣሪያ ክፍል የኤሌክትሪክ መስመር አዘረጋግ

የመካነ ሰላምና የአካባቢዋ ነጋዴ ቀድሞ የሒሳብ መዝገቡን በሣጥን ቆልፎ ያኖር ነበር። ዛሬ ግን፣ ይልቁንም ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ አያሌ ነጋዴዎች ገንዘብ የሚቀበሉትና ሒሳብ የሚይዙት በኤሌክትሪክ በሚሠሩ መሣሪያዎች ሆኗል። ሱቁ ከፊት፣ መኖሪያው ከኋላ ሆኖ ሁለቱም ባንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ቤት፣ ሞደሙ፣ ኮምፒውተሩና የጥበቃ ካሜራው መቅረጫ ባንድ ጠባብ ክፍል ወይም ቁም ሣጥን ይሰበሰባሉ። ቤት የሚሠራ ሰው ለዚህ ክፍል የሚዘረጋውን መስመር ግድግዳው ሳይለሰን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

መጀመሪያ የሚሠራው የዋት ሒሳብ ነው። ሞደሙ 12፣ መቅረጫው ከአራት ካሜራዎች ጋር 40፣ ኮምፒውተሩ ከነመስተዋቱ 150 ዋት ያህል ቢወስዱ፣ ድምሩ 202 ዋት ይሆናል፤ ይህም በ220 ቮልት ሲካፈል 1 አምፔር እንኳ አይሞላም። አንድ የእንጀራ ምጣድ ግን 3800 ዋት ቢሆን ብቻውን 17 አምፔር ያህል ይስባል። ስለዚህ የሚያሰጋው የመሣሪያዎቹ ፍጆታ ሳይሆን የመስመር ጎረቤታቸው ነው። ምጣዱና ኮምፒውተሩ ባንድ ሽቦ ከተንጠለጠሉ፣ ምጣዱ በተለኮሰ ቁጥር ቮልቱ ዝቅ ይላል፤ ማቋረጫው ሲወርድም ሒሳቡ ሳይመዘገብ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ይህም የሚደርሰው ምጣድ ሁሉ በሚጣድበት፣ ገበያውም በሚደራበት በበዓል ዋዜማ መሆኑ አያስደንቅም።

ስለሆነም ከማከፋፈያው ሣጥን ተነሥቶ ወደ መሣሪያው ክፍል ብቻ የሚሄድ፣ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ የመሬት መስመር ተጨምሮበት ከ16 አምፔር ማቋረጫ ጋር መዘርጋት ይገባል። ለምጣዱም 4 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ የራሱ መስመር ይሰጠዋል። ተራው ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ስለሆነ 17 አምፔር የሚስበውን ምጣድ በሱ ላይ መሰካት አይገባም፤ በየቤቱ ጠቁሮና ቀልጦ የሚታየው ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት የተበላሸ ነው። በእንጨትና በጭቃ በተሠራ ቤት ደግሞ ሽቦው ሁሉ በቱቦ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ኮርኒስ ላይ የሚመላለስ አይጥ የሽቦ ልባስ ይበላልና።

ዳሩ ግን መስመሩ ቢለይም ከምሰሶው የሚመጣው ኃይል ሲቋረጥ መሣሪያዎቹ ይጠፋሉ። 200 ዋት ለሁለት ሰዓት ለማቆየት 400 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ቢይዝም፣ የእርሳስ ባትሪ ቶሎ እንዳይሞት ግማሹ ብቻ ስለሚነካ፣ በኢንቨርተሩ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ለዚህ ይበቃል። እንዲህ ያለው ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ማኖር አደገኛ ነው።

ባለሙያዎችም ሳይቀሩ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ብዙ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የሚሠሩት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2000 ሜትር ለሚደርስ ከፍታ ታስበው ሲሆን፣ መካነ ሰላም ግን ከ2500 ሜትር በላይ ናት። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ብርዱ ቢያግዝም፣ ሙቀትን የመውሰድ ኃይሉ ያንሳል። ስለዚህ የክፍሉ በር ከታችና ከላይ የአየር መተላለፊያ ቀዳዳ ሊኖረው ያስፈልጋል፤ ከላይ ያለው የባትሪውን ጋዝም ያስወጣል።

የክረምቱ መብረቅ ሌላው ሥጋት ነው። የመብረቅ ግፊት መከላከያው በማከፋፈያው ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ከደጅ ለሚመጣው የካሜራ ሽቦም እንዲሁ ያስፈልገዋል፤ ኃይሉ በዚያም በኩል ይገባልና። መከላከያው የሚሠራው ግን የመሬት መስመሩ ደህና ሲሆን ነው። በነሐሴ ርጥብ አፈር ተለክቶ መልካም የተባለ የመሬት ዘንግ በጥር አፈሩ ሲደርቅ ደካማ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ ልኬው በበጋ ቢሆን ይመረጣል። ሰው እንዳይያዝ የሚጠብቀው የ30 ሚሊ አምፔር ማቋረጫ መብረቅን አይመልስም፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ይገዛሉ።

ልስኑ ከመጀመሩ በፊት የቱቦዎቹ መሄጃ በወረቀት ተነድፎ፣ የየማቋረጫው ስም ተጽፎበት ከማከፋፈያው ሣጥን ክዳን ውስጥ ይለጠፋል፤ ኋላ መደርደሪያ የሚመታው አናጢ ምስማሩን ከሽቦ ላይ እንዳያሳርፍ።