ስለ ሰው ፊት መፍራትና በጽሑፍ ስለ መነጋገር

ሰው ከሰው ጋራ ተነጋግሮ የሚኖር ፍጥረት ነው። ነገር ግን ለመነጋገር ሁሉም እኩል ድፍረት የለውም። አንዳንዱ ገና አፉን ሳይከፍት «ምን ይሉኛል» እያለ ልቡ ይመታል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ምላሱም ይተሳሰራል። ይህ ጭንቀት ከትሕትና የተለየ ነው። ትሑት ሌላውን ያስባል፤ የሚጨነቀው ግን በሌላው ዐይን እንዴት እንደሚታይ ራሱን ያስባል።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ለቴሌፎን የፈጠራ መብት ከተቀበለ ወዲህ የሩቁ ሰው ድምፅ ወደ ቤት ገባ። ዳሩ ግን ስልክ የሚጮኸው ደዋዩ በፈለገው ሰዓት እንጂ ተቀባዩ በተዘጋጀበት ሰዓት አይደለም፤ መልሱም ወዲያው ይፈለጋል፤ የተናጋሪው ፊት ስለማይታይ ደስ ይበለው ይከፋው አይታወቅም። በ1992 በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው አጭር የጽሑፍ መልእክት ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ በተላከ ጊዜ ግን ለፈሪው ሌላ በር ተከፈተለት። ጽሑፍ ይታሰብበታል፥ ይታረማል፥ ይሰረዛል፤ ድምፅም አይንቀጠቀጥበትም።

ዶና ሪድና ፍሬዘር ሪድ የተባሉ መርማሪዎች በ2007 ባሳተሙት ጥናት 158 የስልክ ተጠቃሚዎችን ጠይቀው ነበር። በሰው ፊት የሚጨነቁት ጽሑፍን፥ ብቸኝነት የሚሰማቸው ግን ድምፅን ይመርጡ እንደ ነበር አመለከቱ። ሁለቱም ለብቻቸው ተቀምጠው ስለሚታዩ አንድ ይመስሉናል፤ የሚሹት ግን የተለያየ ነው።

እንግዲህ ጽሑፍን መምረጥ ክፉ ነውን? አይደለም፤ ለዐይን አፋሩ ድልድይ ይሆነዋል። ነገር ግን ድልድይ መሻገሪያ ነው እንጂ መኖሪያ አይደለም። ዴቪድ ክላርክና አድሪያን ዌልስ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1995 እንዳስረዱት፥ ፈሪው የሚጠለልበት መከለያ ለጊዜው ያሳርፈዋል፤ የፈራው ነገር እንደማይደርስበት እንዳያይ ስለሚከለክለው ግን ፍርሀቱ ይጸናበታል።

ስለዚህ ስልክ አላነሣ ያለውን ወጣት ትዕቢተኛ ነው ብለን አንፍረድበት። «ማታ እደውልልሃለሁ» ብለን አስቀድመን ብንጽፍለት ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ችግሩን በጽሑፍ ለገለጸልን መጀመሪያ በጽሑፍ፥ ቀጥሎ በድምፅ፥ በመጨረሻም ፊት ለፊት እንመልስለት። ፍርሀቱ ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀረው ከሆነም ወደ ሐኪም እንዲሄድ እንምከረው። ብቻቸውን ለሚኖሩ እናት ግን የተጻፈ ሰላምታ አይበቃቸውም፤ የልጃቸውን ድምፅ መስማት ይሻሉና።

ኀዘን የደረሰበትንም «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ በመልእክት ብቻ ማለፍ አይገባም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ከኀዘንተኛው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ብዙ ንግግር አያሻውም፤ መናገር ለሚፈራውም ሰው የሚቻል ነው።